የእታለም በርጩማ

ኅዳር 8፣ በሄድሽ በሁለተኛው ወር

ለእታለም፣ ለአጎቴ ልጅ፣ ለቤታችን ብርቅ፤

አባትሽ «ደብዳቤ ያለ ጤና ጥያቄ ማጠፊያ እንደሌለው በር ነው» ብለው ስላስጠነቀቁኝ ከጤናሽ ልጀምር። እንደምን አለሽ? ዓይንሽንም፣ ኮምፒዩተር ላይ የምታጎብጪውን ወገብሽንም ፈጣሪ ይጠብቅልሽ። እኛ ከናፍቆትሽና ከሚያፈሰው ጣሪያ በቀር ምንም አልሆንን።

ጸሐፊ ሆኜ የተሾምኩት በችሎታዬ እንዳይመስልሽ። አባትሽ ጋሼ «በስልክ የተባለ ነገር አይጨበጥም፣ ወረቀት ይምጣልኝ» አሉ። የሳቸው ዓይን ደግሞ የሚስማር ራስ እንጂ ፊደል መለየት ካቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ሰባተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ የጎበኘ ምሁር ተፈለገ፤ በዚህ ቤት ከኔ በቀር አልተገኘም። በሥራ ቀን የሰው ግድግዳ እቀባለሁ፣ እሑድ እሑድ ያንቺን አንብቤ መልስ እጽፋለሁ።

የመጀመሪያውን ደብዳቤሽን ሳነብላቸው መላጊያቸውን አስቀመጡ።

«ምን እየሠራች ነው አልክ?»

«ሶፍትዌር።»

«ይዳሰሳል?»

«አይዳሰስም።»

«ይቀመጡበታል?»

«ኧረ ጋሼ!»

«ታዲያ መቆሙ በምን ይታወቃል? ይሄማ ላም አለኝ በሰማይ ነው።»

የሱቃቸውን ደንብ ታውቂያለሽ። በሳቸው አናጺ ቤት ተለማማጅ ባለሙያ የሚባለው፣ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ብቻውን ሠርቶ ጋሼ በሙሉ ክብደታቸው ሲቀመጡበት ነው። አሥራ አንድ ሰው እንዲህ አስመርቀዋል። እኔን በሁለተኛው ሳምንት ስላባረሩኝ አሥራ ሁለተኛው ቀለም ቀቢ ሆነ። አሁን ደግሞ «ልጄ በሙያዋ አለቃ ስትሆን መጥታ በርጩማዋን ታቁምልኝ። እሱ ላይ ተቀምጬ ሱቁን እዘጋለሁ» ብለዋል። ቀልድ እንዳይመስልሽ፤ እንጨቱን መርጠው ጥግ አቁመውታል። ማንም እንዳይነካው ተብሏል፤ ማንም ሲሉ የሚያዩት እኔን ነው።

ለጽሕፈት አገልግሎቴ አንድ ስፖርት ጫማ፣ ቁጥር 42፣ ነጭ። ቀለም ቢፈስበት ራሴ እቀባዋለሁ።

ታዛዥሽ (ሲመቸኝ)፣
ፌንጣ


ታኅሣሥ 27፣ በዚያው ዓመት

ለማያርፈው ፌንጣ፣ በፌንጣ በኩል ለአባባ፤

አባባ፣ ጉልበትዎን ስሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። እኔ ደህና ነኝ።

እዚህ ኢንተርን ነኝ፤ ተለማማጅ ማለት ነው። ድርጅቱ የአውቶቡስ ትኬት የሚቆረጥበትን ፕሮግራም ይሠራል። ጠረጴዛዬ ከማተሚያ ማሽኑ አጠገብ ስለሆነ፣ ወረቀት ሲያልቅ ሁሉም የሚያየው እኔን ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ የሠራሁት አንድ ነገር ነው፤ ሰው ስክሪኑ ላይ «ክፈል» ብሎ የሚነካትን ቦታ ከግራ ወደ ቀኝ ማዛወር።

ባለፈው ሳምንት ደግሞ ጉድ ሠራሁ። የሙከራ ነው ብዬ ያጠፋሁት መዝገብ ለካ የእውነተኛ ተሳፋሪዎች ኖሯል። አርባ ደቂቃ ሙሉ ትኬት የያዘ ሰው ሁሉ አውቶቡስ በር ላይ ተገትሮ ቀረ። አለቃዬ፣ ሁለት መነጽር አንገቷ ላይ የምታንጠለጥል ሴት፣ ወደኔ ስትመጣ ቦርሳዬን ማሰናዳት ጀምሬ ነበር።

«ማን እንዳጠፋው አልጠይቅሽም» አለችኝ። «በስንት ሰዓት ምን ሆነ? ምን ቢኖር ኖሮ አይሆንም ነበር? ሁለተኛ እንዳይሆን ምን ይደረግ? ይሄን ጽፈሽ አምጪልኝ።»

የዚህ አገር ሥራ ደንብ ነው። የጥፋተኛ ስም አይጻፍም። ሰው ከፈራ ይደብቃል፣ የተደበቀ ነገር ደግሞ ይደገማል ይላሉ። ጻፍኩ፤ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ አነበበው፤ አልተባረርኩም። ክፍሌ ገብቼ ግን ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ጣሪያ ሳይ አመሸሁ።

መንገዱ እንዲህ ነው፤ ከኢንተርን ጁኒየር ይኮናል፣ ከዚያ መካከለኛ፣ ከዚያ ሲኒየር። ሲኒየር እንደ አባባ ያለ አለቃ ነው። ያን ቀን መጥቼ በርጩማውን አቆማለሁ፤ ቃሌ ነው አባባ።

ፌንጣ፣ ጫማው ይታሰብበታል።

እታለም


ጥር 30፣ በዚያው ዓመት

ጥፋት እንጂ ጥፋተኛ በሌለበት አገር ለምትኖሪው እታለም፤

ሰላምታችን ይድረስሽ፤ በመንገድ ከተቀነሰ ፖስታ ቤቱን ጠይቂ።

ደንባችሁን ሰምቼ ለአገሬም ይጠቅማል ብዬ ሞከርኩት። የጎረቤታችን የእማማ ዶሮ በድንገት ሰማያዊ ሆና ተገኘች። እኔም ሪፖርት አቀረብኩ። «3፡10 ላይ ባልዲው ክፍት ነበር። 3፡15 ላይ ዶሮዋ መጣች። 3፡16 ላይ ዶሮዋ ሰማያዊ ሆነች። ሁለተኛ እንዳይደገም ዶሮዎች በሌላ መንገድ ይለፉ።» እማማ በጥሞና ሰሙኝ። ሲጨርሱ «ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል!» ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ጫማው እዚህ ጀርባዬ ላይ የት እንዳረፈ በሪፖርት አልገለጽኩም።

ጋሼ ግን አልሳቁም። ያንቺን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ አስነበቡኝና መጋዛቸውን ሲስሉ ቆዩ።

«ስታጠፋ አልደበቀችም» አሉ በመጨረሻ።

«አዎ ጋሼ።»

«እንጨቱ እሱ ነው። የቀረው ቀለም ነው።»

ቀለም ሲሉ ቀና ብለው ወደማን እንዳዩ ልንገርሽ? አልነግርሽም።

ቁጥሩ አሁንም 42 ነው።

ፌንጣ


ሰኔ 14፣ በሄድሁ በሦስተኛው ዓመት

ለአባባና ለፌንጣ፤

እንደምን ከረማችሁ? ስለዘገየሁ ይቅር በሉኝ፤ ይቅርታ መጠየቅ ራሱ ልማድ ሆኖብኛል።

ከጁኒየርነት ወጥቼ መካከለኛ ከሆንኩ ዓመት ሊሞላኝ ነው። አባባ፣ እዚህ ማንም ሥራውን ለባልደረባው ሳያሳይ አያስገባም። ጁኒየር ሳለሁ ያቀረብኩት አሥራ ሁለት መስመር ኮድ ላይ አርባ ሦስት አስተያየት ተጽፎብኝ ነበር። ያኔ መላጊያ አስይዘውኝ «እንደገና» ሲሉኝ ትዝ አለኝ። አሁን ስድስት ሰባት ቢጻፍብኝ ነው። አይዞዎት፣ እየቀረበ ነው።

ልጅዎ

(ይሄን ትንሹን ወረቀት አታንብብላቸው። ላንተ ብቻ ነው።

ፌንጣ፣ ሲኒየር ለመሆን አመልክቼ ነበር። አልሰጡኝም። «ሥራሽ ጥሩ ነው፤ ግን ከቡድንሽ አልፎ አይታይም» አሉኝ፣ ፈገግ ብለው፣ ውሃ እየቀዱልኝ። ስንት ዓመት እንደሚፈጅ አላውቅም። ደክሞኛል። እንጨቱ ጥግ ቆሟል ስትለኝ ደብዳቤህን ሳልጨርስ አጥፈዋለሁ። ለአባባ አትንገር፤ በቅርቡ ትመጣለች በላቸው።)


ነሐሴ 19፣ በዚያው ዓመት

ለእታለም፤

ጤና ይስጥሽ።

ጫማው ይቅር። እግሬ እንደሆነ ባዶውንም ለምዶታል። ይልቅ ካልከበደሽ ብርድ ልብስ ላኪ፤ የሚሞቅ፣ ግን ቀለል ያለ፣ ሰውነት ላይ የማይጫን። ቀለም ቀቢ ምን ያደርግለታል አትበዪኝ፤ ከመወጣጫው ላይ ንፋሱ ብርቱ ነው።

ጋሼ ደህና ናቸው። ቁጭ ብለዋል። ሱቁ ለጊዜው ዝግ ነው፤ ጣሪያው እስኪጠገን። «ሰላም በላት» ብለዋል።

ስልኬ የነጭ ቀለም ባልዲ ውስጥ ገብቶ ነፍሱን ስቷል። እንዳትደውዪ፤ የሚያነሳልሽ ባልዲው ነው።

ቀልድ ሊመጣልኝ አልቻለም። ዛሬ በዚህ እለፊኝ።

ፌንጣ


ጥር 21፣ በሄድሁ በአራተኛው ዓመት

ለአባባና ለፌንጣ፤

እንደምን አላችሁ? ብርድ ልብሱ ደርሶ ይሆናል። አምስት ወር ሙሉ «ነገ እጽፋለሁ» ስል ነገ አለቀብኝ።

አባባ፣ ሲኒየር ሆንኩ።

ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ደስታው እስኪመጣ ተቀምጬ ስጠብቅ ስብሰባ ደረሰ። አሁን ቀኔ እንዲህ ነው፤ ከአንዱ የመስተዋት ክፍል ወጥቼ ሌላው የመስተዋት ክፍል እገባለሁ፣ ሰዓታችን ሲያልቅ ቀጣዮቹ ውጪ ቆመው ሰዓታቸውን ያሳዩናል። በገዛ እጄ አንድ መስመር ኮድ ከጻፍኩ ሦስት ሳምንት አለፈኝ። የሌሎችን አያለሁ፣ አስተያየት እጽፋለሁ፣ አስታርቃለሁ። ማተሚያ ማሽኑ አጠገብ አዲስ ኢንተርን ተቀምጣለች። ወረቀት ሲያልቅ ወደሷ ማየቴን ሳውቀው አፈርኩ።

የጀመርነው ትልቅ ሥራ አለ፤ ስምንት ወር ይፈጃል። እሱ እንዳለቀ እመጣለሁ።

ፌንጣ፣ ደብዳቤህ ውስጥ የአባባ ድምፅ ጠፋብኝ። ድሮ የሚሉትን ሁሉ፣ ሳሉን ሳይቀር ትጽፍልኝ ነበር። አሁን «ሰላም በላት» ብቻ ነው። ምን ሆናችሁ?

እታለም


የካቲት 16፣ በዚያው ዓመት

ለሲኒየሯ እታለም፤

እንኳን ደስ ያለሽ! ማዕረግሽ ይክበድ፣ ስብሰባሽ ይቅለል።

ለጋሼ አነበብኩላቸው። «ደግ» አሉ። ከዚያ ወደ ግድግዳው ዞሩ። ግድግዳው እንደሆነ ባለፈው ዓመት ነው የቀባሁት፤ ያን ያህል የሚታይ ነገር የለውም።

ብርድ ልብሱ ደርሷል፣ እግዜር ይስጥልን። አሁን አንዲት ነገር ብቻ። እዚያ አገር ጎማ ያለው ወንበር አለ አሉ። መደገፊያ ያለው፣ የእግር ማሳረፊያ ያለው፣ ፍሬንም ቢኖረው። የቀለም ባልዲዎቼን ልጎትትበት ነው። ወገቤን አመመኝ።

ፌንጣ


መጋቢት 3

ፌንጣ፤

የቀለም ባልዲ መደገፊያ አያስፈልገውም። እግር ማሳረፊያም አያስፈልገውም።

የሚቀመጥበት ማነው?

አትቀልድ። ሁሉንም ጻፍልኝ።

እታለም


መጋቢት 20

ለእታለም፤

እንደምን አለሽ ብዬ ባልጠይቅሽ አትቀየሚኝ፤ አንብበሽ ስትጨርሺ ደህና እንደማትሆኚ አውቃለሁ። በናንተ ደንብ ጻፍኩት። ሌላ መጻፊያ መንገድ ጠፋኝ።

የአደጋ ሪፖርት። የተጎዳው፦ አንድ ዳሌ። የጋሼ፣ የቀኙ።

ባለፈው ሐምሌ 6። የእታለም ደብዳቤ ትንሽ ወረቀት ይዞ መጣ። ጋሼ «በርጩማዬ መቼ ነው?» ሲሉ «በቅርቡ» ተባሉ። በየቀኑ ይጠይቁ ጀመር። በር በተንኳኳ ቁጥር መጋዛቸውን ያስቀምጡ ነበር።

ከሐምሌ 7 እስከ 20። አንድ ሰው ከመወጣጫ የተረፈ ጣውላ ለቅሞ፣ ተደብቆ በርጩማ ሠራ። ከአናጺ ቤት በሁለተኛው ሳምንት የተባረረ ሰው ነው። የእግሮቹ ጫፍ ቀዳዳቸውን አልሞላ ሲሉት፣ የግድግዳ ስንጥቅ የሚደፍንበትን ስቱኮ ጠቀጠቀባቸው። በላዩ ሁለት ጊዜ ቡናማ ቀለም ቀባ። መልኩማ ያምር ነበር።

ሐምሌ 21፣ 4፡30። በርጩማው በካርቶን መጣ፣ «እታለም መምጫዋ ቢዘገይ በገዛ እጇ ሠርታ ላከችልዎት» ተባለ። ካርቶኑ ላይ ቴምብር ነበር። ካንቺ ፖስታ የተላጠ ነው።

4፡40። ጋሼ ዳሰሱት። ገለበጡት። እንደገና ዳሰሱት። ከዚያ በሙሉ ክብደታቸው ተቀመጡ።

4፡41። ሦስቱም እግር በሦስት አቅጣጫ ሄደ።

ምን ቢኖር ኖሮ አይሆንም ነበር፦ «አልሆነላትም፣ ትቆያለች» የምትል አንዲት የእውነት ቃል።

ሁለተኛ እንዳይሆን ምን ይደረግ፦ ስቱኮና ፌንጣ ከአናጺ ቤት ይራቁ።

ጥፋተኛ፦ ስም አይጻፍም ብለሻል። እኔ ግን ልጽፈው ነው፣ ደንብሽ ይሰበር። እኔ ነኝ። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ። ቅጣቱ አይደለም የሚያስፈራኝ። ወለሉ ላይ እንደወደቁ ቀና ብለው «የማን እጅ ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ «የእታለም» አልኩ። ዳሌያቸው ተሰብሮ እያየሁ «የእታለም» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ስለ በርጩማ አንድም ቀን አንስተው አያውቁም። ስምንት ወር ሙሉ የልጄ ሥራ አልቆመም ብለው ተኝተዋል። ሲኒየር ሆነች ስላቸውም ወደ ግድግዳው የዞሩት ለዚህ ነው። እኔ ደግሞ አጠገባቸው ቆሜ ስለ ጣሪያ እቀልዳለሁ።

ፊት ለፊት መናገር አቃተኝ። ራቅ ያለ ከተማ ትምህርት ቤት ይቀባል ሲሉኝ ሄድኩ። ሰባተኛ ክፍል ለሦስተኛ ጊዜ ልገባ ነው፤ አሁን በብሩሽ። ጋሼን እማማ ይዘዋቸዋል፤ ያቺ ሰማያዊ ዶሮ አልጋቸው ሥር ትውላለች። አድራሻዬ ከጀርባው አለ፤ ለስድብ እንዲመችሽ።

ፌንጣ


ሚያዝያ 15

ለፌንጣ፣ ካለህበት፤

የምጽፍልህ ከአባባ መሥሪያ ጠረጴዛ ላይ ነው። አሁን በሩቅ ያለኸው አንተ ስለሆንክ ጤና መጠየቅ የኔ ተራ ነው። እንደምን አለህ? ትበላለህ? ክፍል ውስጥስ አርፈህ ትቀመጣለህ?

ስምንት ወር የሚፈጀውን ሥራ ለሌላ ሰው አስረከብኩ። የሚናድ መስሎኝ ነበር፤ ስብሰባው አራት ደቂቃ ፈጀ።

አባባን ከስተው አገኘኋቸው፤ እጃቸው ግን ያው ነው። ጎማ ያለውን ወንበር ይዤ ገባሁ፣ ሪፖርትህንም ይዤ ገባሁ። ሳላነብላቸው በፊት «አባባ፣ ያ በርጩማ የኔ ሥራ አይደለም» ብዬ ስጀምር አቋረጡኝ።

«እዚህ ቤት ስቱኮ ገብቶ ያውቃል?»

አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

«ገና ስዳስሰው ነው ያወቅኩት። የማን እጅ ነው ያልኩት ጠፍቶኝ ነው? ራሱ እንዲነግረኝ ብዬ ነው። ይሄው ስምንት ወር እየጠበቅኩት።»

«አውቀው ነው የተቀመጡበት?»

«ፊቱን ብታዪው! አሥራ አራት ቀን ለፍቶ፣ ጆሮው ድረስ ቡናማ ቀለም ሆኖ፣ ፊቴ ቆሟል። አልቀመጥም ልበለው?» ዳሌያቸውን እያሹ ደግሞ «ትንሽ የሚታገሠኝ መስሎኝ ነበር» አሉ።

«ወደ ግድግዳው የዞሩትስ?» ብዬ ስጠይቃቸው እማማ ቀድመው መለሱልኝ። «ያን ቀን ሲያለቅሱ ነው የዋሉት፣ የደስታ ነው፤ ያ ቀባጣሪ እንዳያይባቸው ነው የዞሩት» አሉኝ። አባባ «ሴትዮ፣ ዶሮሽን ጠብቂ» ብለው ተቆጡ።

ሪፖርትህን እስከ መጨረሻው አነበብኩላቸው። ሲያልቅ እርሳስ ጠየቁኝ። ከስምህ ሥር «አይቶ የተቀመጠ» ብለው በተንጋደደ ፊደል ስማቸውን ጻፉ። እኔም «ለአባባ አትንገር ያለች» ብዬ የኔን ጻፍኩ። ስም የማይጻፍበት ሪፖርት ላይ ሦስት ስም አለ። ለአለቃዬ አላሳያትም።

ፌንጣ፣ ይሄን ሁሉ ዓመት ማዕረጉን ስጠብቅ አባባም የጠበቁት ማዕረጉን መስሎኝ ነበር። አሁን ይሄን ማሰብም ያደክመኛል፤ ሥራ ይሻላል። ጥግ የቆመውን እንጨት አነሳነው። እጄ በሁለት ቀን ውሃ ቋጠረ። አባባ ወንበራቸው ላይ ሆነው በየመላጊያው ምት «እንደገና» ይሉኛል፤ አርባ ሦስቱን አስተያየት በአንድ ጠዋት ጨረሱት። መቀመጫውን ሠራሁ። አንዱን እግር አቆምኩ። ሁለተኛውንም አቆምኩ። ሦስተኛውን ልጀምር ስል መጋዙን ከእጄ ወሰዱት።

«እሱ ያንቺ አይደለም» አሉ። «የሌላው ተለማማጅ ነው።»

«አባረውት የለም እንዴ አባባ?»

«ሁለተኛውን ሳምንት አልጨረሰም። መጥቶ ይጨርስ።»

በርጩማው አሁን በሁለት እግሩ ግድግዳ ተደግፎ ቆሟል። አባባ በየጠዋቱ ወንበራቸውን እየገፉ መጥተው ያዩታል፣ ከዚያ በሩን ያያሉ።

ነጩ ጫማህ፣ ቁጥር 42፣ በሩ ጎን ተቀምጧል። የእማማ ዶሮ የቀኙ ውስጥ መተኛት ስለጀመረች ፍጠን።

ስቱኮህን እዚያው ተወው።

እህትህ